ጫቱ በሙቀጫ ከመወቀጡ በፊት

ሐረር ውስጥ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንቶች ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠው ሲቅሙ ይታያል። ጫቱስ ተወቀጠ፤ የማሽላው ቂጣ፣ ቆሎው፣ የባቢሌው ለውዝ፣ ሥጋውስ? ማኘክ ያቃተው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሻይና ገንፎ ይወርዳል። ፕሮቲን ያንሰዋል፣ ጡንቻው ይመነምናል፣ ጉልበት ያጣል። ጥርስ ከዕድሜ ጋር ያለው ዝምድና መጀመሪያ የሚታየው ገበታ ላይ ነው።

ሌላው ድድ ነው። የስኳር ሕመም ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም በተራው የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ብዙ ጥርስ ያላቸው አረጋውያን በአማካይ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ። ድህነትና ሲጋራም ጥርስንም ዕድሜንም ስለሚጎዱ ሁሉንም በጥርስ ማሳበብ ግን ልክ አይመስለኝም። ጃፓኖች ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «80 ዓመት ላይ 20 ጥርስ» የሚል ዘመቻ ይዘዋል። ከ32ቱ 20 ከቀረ አብዛኛውን ምግብ ማኘክ ይቻላልና።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ጉዳይ በርጫ ነው። ጫቱ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ይቀመጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ጥርስን መጠበቅ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ በየመሀሉ ፉት ይባላል። ከእያንዳንዱ ፉት በኋላ የአፍ ባክቴሪያ ከስኳሩ የሚሠራው አሲድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ጥርስን ያጠቃል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ይልቅ የሚብሰው መደጋገሙ ነው። የሚቅም ሰው ቢያንስ ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ይጠጣ፣ ጉንጩን ያፈራርቅ፣ ሲጨርስ አፉን ይጉመጥመጥ። ለስላሳ የጠጣ ከሆነ ከመቦረሹ በፊት 30 ደቂቃ ይቆይ። ሳያጸዱ መተኛት ግን ጉዳቱን ያባብሳል፤ ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል።

መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፣ አያያዙን ላወቀበት። የእርሳስ ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ይመረጣል። ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ልጣጩ ይነሳና እንደ ብሩሽ እስኪሆን ድረስ ይታኘካል። እንቅስቃሴው ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ነው። ወደ ጎን እንደ መጋዝ ሲፈገፍጉት ድዱ ይሸሻል፣ የጥርሱ ሥር ይቦረቦራል። የብዙ ሰው ስህተት ደግሞ የፊቱን ብቻ መፋቅ ነው፤ ታርታር (ጥርስ ላይ የደነደነ ቆሻሻ) የሚከማቸው በተለይ ከታችኛው የፊት ጥርሶች በስተጀርባ ነው። ያገለገለው ጫፍ በየቀኑ ይቆረጥ። መፋቂያ በቂ ፍሎራይድ ስለማይሰጥ ማታ ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና 2 ደቂቃ መቦረሽ ያስፈልጋል። ተፍተው ሲጨርሱ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ ይሻላል። የከሰል ዱቄት ይቅር፤ የሚያነጣው የጥርሱን ሽፋን እየፋቀ ነው።

ጥርስ ሲያም አስፕሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ መለጠፍ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ቤንዚን ደግሞ ጭራሽ መርዝ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ መጉመጥመጥ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ጉድጓዱን አይሞላም። ከአገጭ በታች እብጠት፣ አፍ አለመከፈት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከታየ ግን ነገ አይባልም። ቁስለቱ ወደ አንገት ወርዶ አየር ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ቀን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው።

አልጋ ላይ የዋሉ አረጋዊ ቤት ውስጥ ካሉ፣ ጠዋትና ማታ ቀና አድርጎ ጥርሳቸውን፣ ድዳቸውንና ምላሳቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። አፍ ውስጥ የተከማቸው ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ሲወርድ የሳንባ ምች ያመጣል።