በኬክ ላይ ያወጅኩት አብዮት

እንግሊዝኛ እችላለሁ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

አለቃችን የውጭ አገር ሰው ናቸው። አንድ ቀን ራሳቸው የጋገሩትን ኬክ ይዘው ቢሮ መጡ። ባልደረቦቼ «ጥሩ ነው»፣ «ይጣፍጣል» እያሉ ሲያመሰግኑ፣ እንዲህ ባለ ተራ ቃል ማለፍ ለእኔ የሚመጥን አልመሰለኝም። ኬኩ ከዚህ በፊት የቀመስኳቸውን ሁሉ ከዙፋናቸው ያወረደ መሆኑን ልነግራቸው ፈለግኩ። በልቤ ፈጥኜ አሰላሁ፤ ሪቮሉሽን አብዮት ነው፣ ሪቮልት ማመፅ ነው፣ እንግዲያው ሪቮልቲንግ ማለት አብዮታዊ ነው። ስሌቱ እንከን አልነበረውም።

«ኬክዎ እጅግ ሪቮልቲንግ ነው!» አልኩ፣ ክሬሙን ከጣቴ እየላስኩ።

ሹካዎቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ ሳህኔን ዘርግቼም ሁለተኛ ቁራሽ ለመንኩ። አለቃዬ ቢላዋውን እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኬኩን አዩ። ቆረሱልኝ፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ግን ከቁራሹ ባሻገር ሳህኑ ይታይ ነበር።

መዝገበ ቃላት የገለጥኩት ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ነው። ለካ ቃሉ የሚያቅለሸልሽ፣ የሚቀፍ፣ ገና ሲያዩት ሆድ የሚገለብጥ ነገር የሚገለጽበት ነው፤ ለከረፋ ሽታም ለአስነዋሪ ምግባርም ይሆናል። በዘር ሐረግ ከሄድን ግን ያን ያህል አልተሳሳትኩም። ሪቮልትም ሪቮሉሽንም «ወደ ኋላ ማንከባለል» የሚል ትርጉም ካለው አንድ የላቲን ግሥ የወጡ ናቸው። እኛስ ብንሆን መንግሥትም ይገለበጣል፣ ሆድም ይገለበጣል እንል የለ? ሰዎች ሲያምፁም እንግሊዞቹ ያንኑ ሪቮልቲንግ ይላሉ። ኬክ ግን በማንም ላይ አያምፅም።

ወዲያው የይቅርታ መልእክት ጻፍኩ። በስሕተቴ ራሴን መጸየፌን ለመግለጽ፣ «ባደረግኩት ነገር እኔ ራሴ ሪቮልቲንግ ነኝ» አልኳቸው። የሚጸየፈው ሰው ሪቮልትድ፣ የሚያስጸይፈው ደግሞ ሪቮልቲንግ መባሉን መዝገበ ቃላቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጽፎት ነበር። እዚያ ድረስ አላነበብኩም።

የአለቃዬ መልስ ብዙ አልቆየም፦ «አሁን ቃሉን በቦታው አዋልከው።»