እንጉርጉሮ በፉከራ ድምፅ፦ አንድ የሮክ ግጥም ሳነብ የደረስኩበት

የድሮ ሮክ ዘፈኖችን ግጥም በየተራ እየወሰድን ለመፍታት ከተስማማን ወዲህ ለእኔ የደረሰኝ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» ነው። እስካሁን የደረስኩበትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዘፈኑ በ1984 የወጣውና ስሙን ያገኘበት አልበም መክፈቻ ነው። አዝማቹን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ «አሜሪካ ነው የተወለድኩት» የሚል አንድ ሐረግ በጩኸት ይደጋገማል። የማክስ ዋይንበርግ ድራም ደረት ያንቀጠቅጣል፤ ሮይ ቢታን በሲንተሳይዘር የሚጫወታት አጭር ዜማም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትለቅም። ይህን ብቻ ሰምቶ የድል መዝሙር ነው ለሚል ሰው አልፈርድበትም፤ ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው አዝማቹን ነው።

ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት አዝማቹን አውጥቼ ነው። አንጓዎቹን ብቻ ወረቀት ላይ ገለበጥኩና በየአንጓው ጎን ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፦ የሚናገረው ማን ነው? ምን ጠየቀ? ምን መለሱለት? ይህን ዘዴ ለሁላችሁም አጥብቄ እመክራለሁ፤ በተለይ አዝማቹ ጎልቶ አንጓዎቹን ለሚሸፍንባቸው ዘፈኖች።

አዝማቹ ሲነሳ የሚቀረው ታሪክ እንዲህ ነው። ሰውየው የተወለደው ሕይወት በሌለባት ከተማ ነው፤ ገና መሬት እንደነካ ርግጫ ቀምሷል። ብዙ እንደተደበደበ ውሻ ግማሽ ዕድሜውን ራሱን ሲከልል ይኖራል። ሰፈሩ ውስጥ ትንሽ ጣጣ ውስጥ ይገባል፤ ጠመንጃ ያስይዙትና ሩቅ አገር ሄዶ እንዲገድል ይልኩታል። ተመልሶ ነዳጅ ማጣሪያው ዘንድ ሥራ ይጠይቃል፤ ቀጣሪው «ልጄ፣ በእኔ ቢሆን ኖሮ» ይለዋል። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሰውም «ልጄ፣ አይገባህም እንዴ» ይለዋል። በቬትናም ጦርነት ኬ ሳን ላይ የተዋጋ ወንድም ነበረው፤ ጠላቶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ወንድሙ ግን የለም። ወንድሙ ሳይጎን ውስጥ የሚወዳት ሴት ነበረችው፤ በእጁ የቀረው ወንድሙ በእቅፏ ሆኖ የተነሳው ፎቶ ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየውን የምናገኘው በወህኒ ቤቱ ጥላ ሥር፣ በማጣሪያው የጋዝ ነበልባል አጠገብ ነው። አሥር ዓመት መንገድ ላይ ነድዷል፤ የሚሸሽበትም የሚሄድበትም የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ አልኩ። አንደኛው፣ የሚከለክለው ሰው ሁሉ በደግ አንደበት ነው የሚከለክለው። ሁለቱም «ልጄ» ይሉታል። ቀጣሪው ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አይጨርስም፤ «በእኔ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ይተወዋል፤ የቀረውን ሰውየውም እኛም እናውቀዋለን። በግጥሙ ውስጥ በስም የሚወቀስ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ትእዛዝ ሥር ነው። ይህ ነገር ከማንኛውም ስድብ በላይ ያማል።

ሁለተኛውን ያገኘሁት አዝማቹን ወደ ቦታው ስመልስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች በኋላ አዝማቹ ይመጣል። ሰውየው ከጦርነት ተመልሶ ማጣሪያው ደጃፍ ከቆመ ጀምሮ ግን አዝማቹ ይጠፋል። ሥራ ሲከለከል የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሲመልሰው የለም፤ ወንድሙን ሲያነሳ የለም፤ ሳይጎን ላይም የለም። አንጓዎቹም ያጥራሉ፦ የወንድሙ ታሪክ በሦስት ስንኝ፣ የፎቶው በሁለት ስንኝ ያልቃል፤ የቀረውን ባንዱ ብቻውን ይጫወተዋል። ስለ ሞተ ወንድሙ የሚለው ሲያልቅበት ድምፁ ይቆማል። አዝማቹ የሚመለሰው ወህኒ ቤቱና የጋዝ እሳቱ ከተነሱ በኋላ ነው። ያኔ ቃሉ ያው ቢሆንም ክብደቱ ሌላ ነው።

ስለ ኬ ሳን ትንሽ ማንበብ ነበረብኝ። በደቡብ ቬትናም ሰሜናዊ ምዕራብ ጫፍ፣ ከላኦስ ድንበር አጠገብ የነበረ የአሜሪካ ማሪኖች ጦር ሰፈር ነው። ከጥር 21 ቀን 1968 ጀምሮ 77 ቀን ተከበበ። ከበባው ተሰበረ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሰፈሩን አፍርሰው ለቀቁት። «ጠላቶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው» የሚለው ስንኝ በዚህ ዓይን ሲታይ ቀጥተኛ ዘገባ ነው፤ ሰው የሞተለት ቦታ ተትቷል። ግጥሙ ተዋጊዎቹን ቪየት ኮንግ፣ ማለትም የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊዎች፣ ይላቸዋል፤ ከበባውን የያዘው ግን በአብዛኛው የሰሜን ቬትናም መደበኛ ሠራዊት ነበር። ይህ የተናጋሪውን እውነት አይነካም፤ የሚናገረው የወንድሙን ሞት እንጂ የጦር ታሪክ አይደለም።

የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ዋሽንግተን ያለውን የቬትናም መታሰቢያ ግንብ ሄጄ አየሁት። ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ ቅደም ተከተሉ በፊደል ሳይሆን በሞቱበት ቀን ነው። የ1968 መጀመሪያ ወራት በምሥራቁ ክንፍ ላይ ናቸው። የኬ ሳንን ጊዜ እየተከተልኩ ስሄድ ግጥሙ ለምን «ወንድም» ብቻ ብሎ ስም እንዳልሰጠው የተሰማኝ እዚያ ነው፤ ባዶው ቦታ ላይ የፈለገ ቤተሰብ ስም ይገባበታል። ግንቡ የተመረቀው ኅዳር 1982 ነው። ዘፈኑም ኒውዮርክ ፓወር ስቴሽን በሚባለው ስቱዲዮ የተቀረጸው በዚያው ዓመት ነው። የአሜሪካ የሥራ አጦች ቁጥርም በዚያው ዓመት መጨረሻ 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር። ማጣሪያው ደጃፍ የቆመው ሰው ከየት እንደመጣ ይህ ይናገራል።

ተናጋሪውን ከዘፋኙ መለየትም አስፈላጊ ነው። ስፕሪንግስቲን አልዘመተም፤ ለውትድርና ተጠርቶ በጤና ምርመራው ወድቋል። የልጅነት ባንዱ የካስቲልስ ድራመኛ ባርት ሄይንስ ግን በ1967 ቬትናም ላይ ሞቷል። በ1981 ደግሞ ስፕሪንግስቲን ሎስ አንጀለስ ላይ ለቬትናም ዘማቾች ማኅበር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት አቅርቧል። «እኔ» የሚለው ድምፅ ውሰት ነው፤ የተዋሰው ግን ከሚያውቃቸው ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው ብላችኋል፦ አዝማቹ ሰም፣ አንጓዎቹ ወርቅ። እኔ አልስማማም። በሰምና ወርቅ አንዱ ኅብረ ቃል ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል፤ ወርቁም ተደብቆ ይፈለጋል። እዚህ ግጥም ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም፤ አንጓዎቹ ሁሉን በግልጽ ይናገራሉ።

ለእኔ የቀረበኝ ፉከራ ነው። «ዘራፍ» ብሎ የሚነሳ ፎካሪ የማን ልጅ እንደሆነና ከየት እንደበቀለ ይናገራል፤ ቀጥሎ የፈጸመውን ጀብዱ ይቆጥራል፤ የሰማው ሁሉ ደግሞ ያከብረዋል። የዚህ ዘፈን ሰውም በሙሉ ጉሮሮው የትውልድ አገሩን ይጠራል። ጀብዱው ሊቆጠር በሚገባበት ቦታ ግን የሚቆጥረው ያጣውን ነው፦ ሥራ፣ ወንድም፣ መሄጃ። የሚያከብረውም የለም። ይዘቱ እንጉርጉሮ፣ ድምፁ ፉከራ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው ድምፁን ሰምቶ ይዘቱን ያለፈው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን የሚያጠናክርልኝ ሙዚቃው ነው። ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ኮርድ መካከል ብቻ ነው የሚመላለሰው። ዕረፍት የሚሰጥ መሸጋገሪያ የለውም፤ ወደ አዲስ ስፍራ አይወስድም። መሄጃ የለኝም የሚል ሰው የሚቆምበት ሙዚቃ ይህ ነው። በጥር 1982 ስፕሪንግስቲን ኒው ጀርሲ ቤቱ በካሴት መቅረጫ ብቻውን በአኩስቲክ ጊታር የቀዳው ቅጂም አለ፤ በ1998 «ትራክስ» በሚለው ስብስብ ወጥቷል። ቃሉ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ፉከራው ግን የለም። እሱን ሰምቶ የደስታ ዘፈን ነው የሚል አይገኝም። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። እኔ ግን ትልቁን ቅጂ እመርጣለሁ፤ ሰውየው እያለቀሰ ሳይሆን እየጮኸ ቢቆም ይሻለኛል።

በመስከረም 1984 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ኒው ጀርሲ ሃመንተን ላይ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ ስፕሪንግስቲንን በስም አንስተው በዘፈኖቹ ውስጥ ያለውን የተስፋ መልእክት አመሰገኑ። ብዙ ሰው ይህን ዘፈን ጠቀሱ ይላል፤ ንግግሩ ግን የዘፋኙን ስም እንጂ የዘፈን ርእስ አይጠቅስም። ስፕሪንግስቲን ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ መድረክ ላይ ፕሬዚዳንቱ የትኛውን አልበም ሰምተው ይሆን ብሎ ጠየቀና ከሥራ የተባረረ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛን ታሪክ የሚናገረውን «ጆኒ 99»ን ተጫወተ።

ትርጓሜውን እንደ አንድምታ መምህራን ላስቀምጠው። አንድም፣ አዝማቹ የአገር ኩራት ነው። አንድም፣ በአገር ላይ የተሰነዘረ ምሬት ነው፤ እንዲህ ላደረጋችሁኝ አገር መዝሙር ይገባታል ወይ እንደማለት። አንድም፣ የባለመብት አቤቱታ ነው፦ እዚህ ተወልጃለሁ፣ ልካችሁኛል፣ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ ድርሻዬን ስጡኝ። ሦስተኛውን እይዛለሁ። ኩራቱንም ምሬቱንም ሳይጥል የሚያቅፍ እሱ ነው፤ አገሩን የናቀ ሰው ደጃፍ እየዞረ አይጠይቅም፤ አገሩ ያልበደለው ሰውም እንዲህ አይጮኽም።

ሁላችሁንም ያስቸገረው «ቢጫውን ሰው ግደል» የሚለው ስንኝ ነው። አስቀያሚ አነጋገር ነው፤ መሆንም አለበት። ከሰውየው እጅ ጠመንጃ ያስያዙት ሰዎች የሰጡት ትእዛዝ በራሳቸው ቋንቋ ተቀድቷል። ሁለት አንጓ ያህል ቆይቶ ግን በዚያው አገር የምትወደድ ሴት ትመጣለች፤ ፎቶዋም ተጠብቆ ቆይቷል። ትእዛዙ ቀለም ብቻ ነው ያየው፤ ወንድሙ ግን እዚያ የሚወዳት ሰው አገኘ። ስንኙን የሚመልሰው ራሱ ግጥሙ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማንበብ አይገባም እላለሁ።

ቀጥዬ የያዝኩት ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የተባለውን ባንድ «ፎርቹኔት ሰን» ነው፤ በ1969 የወጣ፣ ጆን ፎገርቲ የጻፈው። እዚያም ጦርነቱ ያው ቬትናም ነው፤ ተናጋሪው ግን ዘመቻ ከመሄዱ በፊት ነው የሚጮኸው፤ አዝማቹም የሚናገረው ያልሆነውን ነው፦ የባለሥልጣን ልጅ እንዳልሆነ። አዝማቹን አውጥታችሁ አንጓዎቹን ከገለበጣችሁ ላኩልኝ፤ ከእኔው ጋር አስተያይቼ በሚቀጥለው ተራዬ አቀርበዋለሁ።