ልጆቹ ሥዕል ይዘው ሲመጡ

ወዳጆቼ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት አደረሳችሁ! ሀዋሳ ያላችሁም፣ ርቃችሁ ሐይቁ የሚናፍቃችሁም።

ሌላ ጊዜ በዓል ሲመጣ ምርቃት ጽፌ ዞር እላለሁ። ዘንድሮ ግን ጉዳይ አለኝ።

መስከረም እንደ እኔ ላለች ሥዕል ሻጭ ክፉ ወር ነው። ዶሮው አለ፣ ቅቤው አለ፣ የቻለ በግ አለበት። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ከዚህ ሁሉ ተርፎት ለግድግዳው ሥዕል የሚገዛ ሰው ብርቅ ነው። ክረምቱም ገና እግሩን አላነሳም፤ ዘይት ቀለም በዚህ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ኪራይ ግን ክረምት በጋ አያውቅም።

የሚገርመኝ ታዲያ፣ አዋቂው ሥዕል በማይገዛበት በዚሁ ወር ልጆች ሥዕል ይሸጣሉ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ ይዞራሉ። ወንዶቹ በከለር የሳሉትን ወረቀት ይዘው ያንኳኳሉ። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ። እኛ ከተማ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሀል አደባባይ ላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ መልአኩ አብዛኛውን ጊዜ ገብርኤል ነው። ሥዕሉን ይሰጧችኋል፣ እናንተም የእጃችሁን ትሰጣላችሁ።

በአገራችን የጋለሪ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ አስቡት። በዓመት አንዴ ግን ሥዕሉ ራሱ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ይከፈልበታል። ያን ቀን ማንም «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» አይልም። ቡፌው መስታወት ላይ ይሰካል፣ ወይ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እስከ መስቀል ይሰነብታል። የእኔ ደንበኞች የተፈጠሩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋለሪዬ የሚገቡት ወንዶች ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ሥዕል እሸጥ ነበር» ይሉኛል። የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚያ ይስቁና «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላሉ። ሥዕል ሸጦ ያደገ ሰው እንዲህ ሲከራከር ትንሽ አያፍርም?

እኔ ሴት ስለሆንኩ ድርሻዬ አበባየሆሽ ነበር። ድምፄ ግን አልታደለም። ስለዚህ ጳጉሜን ሙሉ እየሳልኩ ለወንድሞቼ እሰጥ ነበር፤ እነሱ ዞረው ይሸጡና ሳንቲሙን እንካፈላለን። የመጀመሪያዎቹ ደላሎቼ እነሱ ናቸው። ኮሚሽናቸውም እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የከፋ ነበር።

ሀዋሳ ላይ ደግሞ አዲስ ዓመት ሁለቴ ይገባል። የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ሲያውጁ ፊቼ ጫምባላላ ይከበራል፤ ዩኔስኮም በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያን ጊዜም ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየቤቱም ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። እዚህ ከተማ ለልጅ በር መክፈት የለመደ ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋለሪዬን ለሰፈር ልጆች ስከፍት ማንም ያልገረመው ለዚህ ይመስለኛል። ወረቀትና ከለር አቀርባለሁ፣ እነሱ ይስላሉ፣ ወለሉ ይበላሻል፣ ከሰዓት በኋላ እወለውላለሁ። ጥበቡ ይኸው ነው። ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት ቆም ብሎ ግድግዳውን ሲያይ ደግሞ ደስ ይለኛል። ነጋዴም ነኛ!

የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይጠብቃል። የእኔ ግማሹ የእድር ነው። አንዲት የእድራችን እናት አንድ ቀን መጡና «አንቺ ቀለም አለሽ አይደል?» አሉኝ። የእድራችን ወንበርና ድስት ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እየተቀላቀለ አስቸግሯል። እያንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት አደረግኩበት። ሀዋሳ ውስጥ ብዙ ሰው የተቀመጠበት ሥራዬ እሱ ነው።

ይህን ግን ከሌላው ለዩልኝ። «ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬት እንሰጥሻለን» የሚሉ አሉ። በጀት ያለው ቢሮ ግድግዳውን በነጻ እንድስልለት ሲጠይቀኝ «አንቺ እኮ ለሕዝብ የምትሠሪ ነሽ» ይለኛል። ለሰፈሬ በነጻ የምሠራውን የምመርጠው እኔ ነኝ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው አክሪሊክና ዘይት ቀለም አልቀመስ ብሏል። ሸራው ላይ እንቆጥባለን፤ አቡጀዲ ወጥረን፣ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብተን እናዘጋጃለን። ቀለሙን ግን እንዲህ ጓዳ ውስጥ አናበጀውም። ሰርተፍኬት ይዤ ብሄድ ቀለም ሻጩ ምን እንደሚለኝ ታውቁታላችሁ።

ቤቱን ያቆመችው ያቺ የታወቀችዋ ሥዕል ናት። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሐይቁ፣ አንዲት ጀልባ። ሰው ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ያየውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይፈልጋል። ስንቴ እንደሳልኳት አላውቅም፤ ሰልችታኛለች፣ ግን ኪራይ ትከፍላለች። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚቆመውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ስዬ ግን እስከ ዛሬ የገዛኝ የለም። «ይሄ መላጣ አሞራ ሳሎኔ ውስጥ?» አለችኝ አንዷ። እኔ እንደሆንኩ እወደዋለሁ፤ የዓሣ ገበያውን እንደ ሹም ቆሞ ሲቆጣጠር የሚያየው የለም።

«አዲስ አበባ ካልገባሽ ሠዓሊ አትሆኚም» የሚሉኝ አልጠፉም። ሠዓሊ ለማ ጉያ በ2013 እስኪያርፉ ድረስ ቢሾፍቱ ተቀምጠው በፍየል ቆዳ ላይ ይስሉ ነበር፤ ሥራቸውን ማየት የፈለገ ቢሾፍቱ ይሄድ ነበር። እኔን ከእሳቸው ጎን ማቆሜ አይደለም። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል ለማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። አሁን አሁን ልጆቹ ታትሞ የተሸጠላቸውን ካርድ ይዘው ይመጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈልጉት ብሩን ነው። አዋቂውም መልካም ምኞቱን በስልክ ተቀብሎ በስልክ እየመለሰ በሩ ሲንኳኳ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። እናም በእንቁጣጣሽ ጠዋት ዝርዝር ብር አዘጋጁ። በእጁ ስሎ ለመጣ ልጅ ከሌላው ጨምሩለት። «ማን ሳለው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ወንድሜ» ካለ ደግሞ እህት እንዳለችው ጠይቁልኝ። ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ከታች እንዲጽፍ ንገሩት፤ ይህን ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ይረሱታል። ልጁ ሳይወጣ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ እንዳትከቱበት፣ አደራ።

ከዚያ የወደዳችሁትን አንድ ይዛችሁልኝ ኑ። ከፍሬም ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ሞልቶኛል። እያንዳንዱን ፍሬም አስገብቼ ከሳለው ልጅ ስም ጋር እስከ ደመራ እሰቅለዋለሁ፣ ከመስቀል በኋላ ትወስዱታላችሁ። አይሸጥም፤ አንዴ ተሽጧል። ልጁንም ይዛችሁት ብትመጡ ቡና አለ፣ ለእሱ ደግሞ ከለር አለ። በበዓሉ ዕለት ዝግ ነን። ከመስከረም 3 ጀምሮ ግን በሩ ክፍት ነው።

መልካም አዲስ ዓመት! አባ ኮዳውም አሁንም አልተሸጠም።