የአዋቂ እጅ ያልነካው ሐኑኪያ

መተዳደሪያዬ አናጺነት ነው። የወጥ ቤት ቁም ሣጥን እሠራለሁ፤ በእስራኤሏ ነታንያ ከተማ በእኔ እጅ የተገጠሙ መሳቢያዎች ዛሬም ያለ ግፊያ ይከፈታሉ፣ ያለ ጩኸት ይዘጋሉ። ይህን የማስቀድመው ለጉራ አይደለም። የልጄ መምህርት በሦስተኛ ክፍል ወላጆች ሁሉ ፊት ቆማ፣ እኔ የሠራሁትንና በጠረጴዛው ላይ የቆመውን ሐኑኪያ፣ ስምንት ቀን የሚከበረውን የአይሁድ የመብራት በዓል የሐኑካን ሻማ መያዣ፣ እያመለከተች፣ «ይህን ሥራ የአዋቂ እጅ እንዳልነካው ያየው ሁሉ ወዲያው ይገነዘባል» ስትል ምን እንደ ተሰማኝ አንባቢ በልኩ እንዲመዝንልኝ ነው።

ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር፤ ምስጋና ሆነብኝ። መምህርቷ ይህን የተናገረችው ልጄን ለማመስገን፣ በዚያውም የልጆቻቸውን ሥራ ራሳቸው ሠርተው ያመጡትን ወላጆች በነገር ሸንቆጥ ለማድረግ ነበር። «እስኪ ዘመም ማለቱን ተመልከቱ» ብላ ጣቷን በሐኑኪያው ግራ ጫፍ ላይ አሳረፈች፤ «ልጅነት ማለት ይኸው ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከጎኔ የተቀመጠች እናት ወደ እኔ ዞራ «ምነው የእኛም እንዲህ ራሷን የቻለች ብትሆን» አለችኝ። እኔም አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ኧረ ያ ዘመም ያለው የእኔ ነው» ብሎ የሚነሣ አባት እስከ ዛሬ አልተፈጠረም።

በአይሁድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በበዓላት ሳይሆን በሙጫ ነው። ለሱኮት፣ ለዳስ በዓል፣ ዳሱን የሚያስጌጥ የወረቀት ሰንሰለት ይሠራል፤ አንደኛ ክፍሎች ሲዱር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ በሚቀበሉበት ቀን የመጽሐፉ ልባስ ይጠበቃል፤ ሁለተኛ ክፍሎች ኦሪት ሲሰጣቸው ዘውድ ይደፋሉ፤ ለፑሪም የምግብ ስጦታ የሚላክበት ቅርጫት አለ። ሁሉም በመመሪያው ላይ የልጁ ሥራ ነው፤ ልጁ ከተኛ በኋላ ግን የወላጅ ይሆናል።

የሐኑካው ትእዛዝ በወላጆች የዋትስአፕ ቡድን ሲደርሰን «ከተጣሉ ዕቃዎች ብቻ» የሚል ነበር። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆንኩ ከሥራ ቦታ የተረፈ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ፣ ቆርኪና የዛጉ ዳዶዎች ሰበሰብኩ። ዳዶው ቆርኪው ውስጥ በኮላ ይጣበቃል፣ ሻማው ዳዶው ውስጥ ይቆማል። 44 ሻማ ከሚይዘው የሐኑካ ካርቶን ቀጭኖቹን ሻማዎች እያወጣሁ፣ አንዱም እንዳይወላገድ ለየቦታው የሚስማማውን ዳዶ መረጥኩ። እንጨቱን እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። በመጨረሻም ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት፤ አረፋዋ ወዲያና ወዲህ ብላ በሁለቱ መስመሮች መካከል ገባችና ቀጥ አለች። ሚስቴ አይታለች።

የልጄ ድርሻ ቀለም መቀባት ነበር። ሐምራዊ ቀባችው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ብልጭልጭ ዱቄት ገለበጠችበት፤ ያ ሁሉ የእንጨት ሥራ ከሥር ተቀበረ። ብልጭልጩ እስከ ዛሬ ከጺሜ አልወጣም፤ ደንበኞቼም በትሕትና አይተው እንዳላዩ ያልፉታል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሣት ግድ ይላል። በሐኑኪያ ላይ ስምንቱ መብራቶች በአንድ ቀጥታ መስመር፣ በእኩል ከፍታ ይቆማሉ፤ ከእነርሱ ተለይቶ ከፍ ወይም ፈንጠር የሚለው ሌሎቹ የሚለኮሱበት ዘጠነኛው፣ ሻማሹ ብቻ ነው። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያችው መምህርት በክፍል አስተምራ፣ ልጄ በደብተሯ ጽፋ፣ እኔም ከደብተሩ አንብቤ ነው የሠራሁት። አንደኛ የወጣው ሐኑኪያ ግን በቅስት የተሠራ፣ መብራቶቹ ከመካከል ወደ ዳር እየተዋረዱ የሚሄዱ፣ በዚያ ላይ በባትሪ የሚበራ ነበር። ብዙ ራቢዎች በኤሌክትሪክ መብራት ላይ የሐኑካ ቡራኬ አይባልም ማለታቸውን ስለማውቅ፣ ጉዳዩን በጨዋነት በሚስቴ ጆሮ አነሣሁላት፤ እርሷም ሱፍጋኒያ፣ የሐኑካ ዶናት፣ አጎረሰችኝ። አምፖሉና ባትሪው ከየትኛው ቆሻሻ ገንዳ እንደ ተገኙ የጠየቀ የለም። አሸናፊው ልጅ አሠራሩን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ቀና ብሎ አባቱን አየ፤ አባትየው የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቅር ያሰኘኝ ሽልማቱ አልነበረም፤ ያቺ «ዘመም» ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ግንባቸውን ሲያሠሩ ቤተ እስራኤል የምንባለው የኢትዮጵያ አይሁድ በግንበኝነትና በአናጺነት እንሠራ እንደ ነበር የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ግንቦቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ዘመም አሉ ብሎ ያጨበጨበላቸው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ከእነዚያ እጆች የወረደው ዘር ዘጠኝ ዳዶ በአንድ ጣውላ ላይ አቆመ፤ ሥራው ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ተቆጠረ ቢባሉ አባቶቼ ምን ይላሉ? ዐፄ ፋሲለደስ ራሳቸው ከሰገነታቸው ሆነው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታዩኝ። ነገሩን ለእናቴ በስልክ ሳጫውታት፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፤ እኛ እኮ አገር ቤት ሳለን ሐኑካን አናውቀውም፤ ከየት ትማረው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በዓሉ ከኦሪት በኋላ የመጣ ስለሆነ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ አያከብሩትም ነበር፤ እርሷም የሐኑካን ሻማ ያየችው እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በሰሎሞን ዘመቻ ከመጣች በኋላ ነው። አናጺነት ግን ከሐኑካም በፊት ነበረን።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ሳደርስ ውሃ ልኬን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ሐኑኪያዎቹ እንደ ነበሩ ተደርድረዋል፤ ከእኛው ፊት «ያለ ወላጅ እርዳታ የተሠራ» የሚል ቢጫ ካርድ ቆሟል። በሩን የሚጠብቁት ሸምገል ያሉ የአገራችን ሰው ናቸውና፣ አካሄዴ አላምር ብሏቸው ከኋላዬ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ጠረጴዛውን ልትገዛው ነው?»

«አይደለም ጋሼ፣ ደልደል ብሎ መቆሙን ልለካ ነው።»

ውሃ ልኩን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ አንድ አፍታ አመነታችና ወደ መስኮቱ ጫፍ ሮጠች፤ እዚያው ተወትፋ ቀረች። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለችኝ አረፋ የለችም። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ጎንበስ ብለው አዩ። «እውነትህን ነው፤ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው» አሉ። በዚሁ ቢያበቁ ምንኛ በወደድኩ። ካርዱን ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡና፣ «ታዲያ በልጅቷ ሥራ አንተን ምን አገባህ?» አሉኝ።

የሚያሳርረኝ ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ከሐኑካ በፊት አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን 29፣ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ይታሰባል፤ ልጆቹም የቄሶቹን ጥላ በወረቀት እየሠሩ ያንጠለጥላሉ። እኔ ተጋብዤ ስሄድ ስለ ጾሙና ስለ ምህላው፣ ከዮም ኪፑር፣ ከማስተሰረያ ቀን፣ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ተራራ ወጥቶ ኦሪት ሲነበብለት ስለመዋሉ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የተጠየቅሁት ግን ቡናው ስንት ጊዜ እንደሚፈላ ብቻ ነው። ቡናውን ያፈላችው ሚስቴ፣ ዳቦውንም የጋገረችው ሚስቴ ናት። ያችው መምህርት ግን ዳቦውን ቀምሳ «እጅህ ይባረክ» ያለችው እኔን ነው። እንግዲህ ያልነካሁት ዳቦ በስሜ ተመዘገበ፤ የሠራሁትን ሐኑኪያ እጄ እንዳልነካው በአደባባይ ተመሰከረ። በዚህ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም።

ካርዱ አሁን በማቀዝቀዣችን በር ላይ ተለጥፏል። ልጄም በክፍሏ ራሷን የቻለች ተብላ ስለ ታወቀች፣ ለፋሲካ የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ ለሚቀርቡበት ለሴዴር፣ ለፋሲካ የራት ሥርዓት፣ የማዕዱን ሳህን የመሥራት ኃላፊነት ለእርሷ ተሰጥቷታል፤ ስድስት ጎድጓዳ ቦታ ያለው ይሁን፣ ከእንጨት ቢሆን ይመረጣል ተብሏል። ትናንት ማታ ጣውላውን እያገላበጥኩ የትኛው ፊቱ እንደሚያምር ስመርጥ፣ ልጄ ማስመሪያዋን ይዛ መጣችና እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ወሰደችው።

«አባዬ፣ ልኩን እኔ እለካለሁ፤ አንተ ብልጭልጩን ትበትናለህ። አለበለዚያ መምህርቷ ታውቅብናለች።»