ከባድ ፊን፣ ቀጭን ዌትሱት

ቅዳሜ በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ከተማ በኢላት፣ ውሃ ውስጥ ወደ ኋላ ሄድኩ! ዳይቭ የምታደርጉ (ከሲሊንደር አየር እየተነፈሳችሁ ባሕር ውስጥ የምትጠልቁ) ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ኮራል (ባሕር ወለል ላይ የሚያድግ ድንጋይ መሰል ሕያው ነገር) ሥር የተደበቀች ዓሣ እያየሁ ውሃው ወደ ኮራሉ ሲገፋኝ፣ እጄን ሳላወራጭ በእግሬ ብቻ ራሴን ወደ ኋላ ሳብኩ። አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ሄድኩ።

የዳይቭ ኮርሱን የኪራይ ፊን (ለመዋኘት እግር ላይ የሚጠለቀውን ሰፊ መቅዘፊያ) ልዝለለው። ሙሉ እግር የሚገባበት ይሻላል ወይስ ተረከዙ ክፍት የሆነው የሚለው ክርክር ኢላት ላይ ያለቀ ነው። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንገባው ከዳር ነው፣ ዳሩ ደግሞ ጠጠር። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ በባዶ እግሩ ጠጠር ልርገጥ የሚል ካለ ይሞክረው። ሞቃት ውሃ ላይ ከጀልባ ለሚዘል ሙሉው ፊን ቀላል ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። እኔ ግን ቡት (የዳይቭ ጫማ) አድርጌ ክፍቱን ነው የምለው።

በመጀመሪያ የገዛሁት መሃሉ የተሰነጠቀውን ነበር። ክፉ አልናገርበትም። ጉልበቱን ለሚያመው፣ እግሩን ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቀ ቀስ ብሎ ለሚዋኝ ዛሬም እሱን እመርጥለታለሁ፤ ባት አይዝም። ነገር ግን እግርን ወደ ታች መምታት አሸዋ ያስነሳል፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው ምንም አያይም። ስለዚህ ፍሮግ ኪክ፣ ማለትም እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መግፋት መማር ግድ ሆነ። የተሰነጠቀው ፊን እዚያ ላይ ውሃውን በመሃሉ ያሾልከዋል። ወደ ኋላ ልሂድ ስል ደግሞ እዚያው ቦታዬ ላይ ስንቀጠቀጥ ቆየሁ።

(«የትኛው ፊን ይፈጥናል?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። የቸኮለ አየሩን ቶሎ ይጨርሳል፤ ለምን እንደምንቸኩል እስካሁን አልገባኝም።)

አሁን ያለኝ የስኩባፕሮ ኩባንያ ጄት ፊን ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው የጆርጅ ቡሻ ሲሆን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መልኩ ብዙም አልተለወጠም፤ አጭር፣ ሰፊ፣ ጥቁር ጎማ፣ ከእግሩ ፊት ለፊት ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ያሉት። ግትር ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ትንሽ ሲዞር ውሃውን ይይዛል። ወደ ኋላ ለመሄድ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፦ እግር ተዘርግቶ ይጀምራል፣ ጣቶች ወደ ውጭና ወደ ጉልበት ይታጠፋሉ፣ ከዚያ በፊኑ የላይኛው ፊት ውሃውን ወደ ራስ መሳብ። አሰልጣኜ «ከጉልበት ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት» እያለ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ልክ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ጥንዱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክረምት ላይ የኢላት ውሃ ወደ 21 ዲግሪ ሲወርድ ወፍራም ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የጎማ ልብስ) እለብሳለሁ፣ ዌትሱቱ እግሬን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ፊኑ ወደ ታች ይመልሰዋል። ሚዛኑ የተዋጣ ነው። በጋ ላይ ግን ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነውን ስለብስ ተንሳፋፊነቱ ይቀንስና እግሬ ይሰምጣል፤ ቀስ በቀስ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ፊኑ ኮራሉ ላይ ሊያርፍ ይደርሳል። መድኃኒቱ ሁሉ ወደ ራስ መጠጋት ነው። ሲሊንደሩን በቢሲዲው (አየር በሚሞላው የዳይቭ ሰደርያ) ላይ ከፍ አድርጌ አሰርኩት፣ ከወገቤ የክብደት እርሳስ ቀንሼ ወደ ሲሊንደሩ ማሰሪያ አወጣሁት፣ ጉልበቴን አጥፌ ፊኑን ወደ ላይ አነሳሁ። ተሻሻለ እንጂ አልተፈታም። በጋ ላይ ከተሰነጠቀው ጋር ሹልክ ብዬ የምገባበት ቀን እንዳለም ልንገራችሁ፤ ሰነፍ በሉኝ።

ምክር ከተባለ፦ ፊን ስትለኩ ቡታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡት ሳይደረግ የተለካ ፊን ዋጋ የለውም። ጣት መንቀሳቀስ አለበት፣ ተረከዝ ግን መላወስ የለበትም። የዘለበት ማሰሪያውን አውጥታችሁ ባለ ሞላ አስገቡበት፤ የእኔ የድሮው ጎማ ልገባ ስል ውሃው አፋፍ ላይ ተበጥሶ ቀኑን አበላሽቶብኛል። ፊን ጫፉ ላይ ቆሞ አይቀመጥም፣ በተለይ በጋ መኪና ውስጥ፤ ይጣመማል።

አሁን ያሰብኩት እንደ ጄት ፊን አጭርና ግትር ሆኖ ከጎማ ሳይሆን ከቀላል ፕላስቲክ የተሠራ መፈለግ ነው። በ3 ሚሊሜትር ዌትሱትና በ12 ሊትር አሉሚኒየም ሲሊንደር የሞከረው ካለ፣ እግራችሁ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል? የጫማ ቁጥራችሁንም ጻፉልኝ፤ እኔ 43 ነኝ።