ቀይዋ ሳጥን

ትናንት ማታ የደንበኞች ሪፖርት እየሄደ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩም አኮረፈ። ድሮ ክሮን ላይ (ሰዓት ጠብቆ ፕሮግራም የሚያስነሳው ላይ) የሰቀልኳት ስክሪፕት ብትሆን ከ«ሀ» ጀምራ ለሁሉም ደንበኛ ያንኑ ቴክስት ደግማ ትልክ ነበር። አንዴ ደርሶብኛል፤ ስልኬን አጥፍቼ ነው የዋልኩት።

ጠዋት አሁን ሪፖርቱን በየደረጃው የሚያስኬድልኝን ፕሮግራም፣ ኤርፍሎውን ከፈትኩ። አምስት ሳጥኖች፤ እያንዳንዷ የሪፖርቱ አንድ ሥራ ናት። ሦስቱ አረንጓዴ፣ አራተኛዋ ቀይ፣ አምስተኛዋ በእሷ ጦስ ብርቱካናማ። ቀይዋን ነክቼ «ክሊር» አልኩ፤ ውጤቷን ሰርዘህ እንደገና ሞክር ማለት ነው። ከዚያችው ቀጠለ። ሦስቱን ዞር ብሎም አላያቸው! በ2014 እ.ኤ.አ. የቤት ኪራይ ድርጅቱ ኤርቢኤንቢ ውስጥ ኤርፍሎውን የጀመሩት ሰዎች የእኛን መብራት ያሰቡ አይመስለኝም።

ደግነቱ ቴክስት የምትልከዋ ሁለተኛዋ ናት። እሷ መሃል ላይ ቢጠፋስ ኖሮ? ኤርፍሎው የሚመዘግበው የቱ ሳጥን እንዳለቀ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የኔ ጣጣ ነው። ዛሬ የተላከላቸውን ቁጥሮች የሚይዝ ሰንጠረዥ ስጨምር ዋልኩ።