ቡናዬን ያሳረረው ኢንች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ፋብሪካ አለኝ። ፋብሪካ የምለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ "ያ ቆሻሻ" ነው የምትለው።

ዘንድሮ የተነሳሁት የቡና መቁያ ማሽን ልሠራ ነው። አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ሞተሩን ከቆርቆሮው የሚያገናኝ ችንጋ፣ ከሥር የከሰል ምድጃ። የቀረኝ ኩሽኔታ (ዘንግ ውስጡ ገብቶ ሳይፋተግ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮውን የሚያዞር ዘንግ ብቻ ነበር። ዘንግ ደግሞ በማስመሪያ አይለካም። ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረትና ቀዳዳ በመንጋጋው የሚለካ መሣሪያ፣ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ።

ሁለት ካሊፐር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ በሚሊሜትር፣ አንዱ በኢንች። የኢንቹ ከበድ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው ደግሞ ግማሽ።

"ኦሪጅናል የአሜሪካ ነው" አለኝ ሻጩ።

"ግን በኢንች ነዋ!"

"ታዲያ በ25 ማባዛት ያቅትሃል?"

እውነቱን ነው አልኩ። እኛ እኮ ሰዓት ስድስት እየቀነስን፣ ዓመተ ምህረት ሰባት ይሁን ስምንት እየተከራከርን ስንጨምር የኖርን ሰዎች ነን። ኢንች ምን ያቅተናል?

ቤት ገብቼ የኩሽኔታውን ቀዳዳ ለካሁ። 19/32 ኢንች። (እንዲህ ያለ ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም አልወደድኩትም።) ሲካፈል 0.594። በ25 ሳበዛው 14.85 ሚሊሜትር። በወረቀት ጽፌ ቃሊቲ ያለ ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አይተው "14.85? ኩሽኔታውን ይዘኸዋል?" አሉኝ።

"ቤት ነው ጋሼ። ግን በካሊፐር ነው የለካሁት።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዚያ ዝም ብለው ልክ እንዳልኩት ቆረጡልኝ።

እሁድ አማቶቼ መጡ። ስኒው ተደረደረ፣ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ኢንጂነር ነበርኩ። ከዚያ ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ መንቀጫቀጭ ጀመረ። እዚያ ጋ ለዓይን የማትታይ ክፍተት ቆርቆሮው ዳር ስትደርስ ጣት ልታክል ምንም አልቀራት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ! ችንጋው ወለቀ። ቆርቆሮው ከሰሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ የጋለ ችንጋ ለመመለስ ጣቴን ሳቃጥል ቡናው በበኩሉ ከሰል ሆነ። ከታች ፎቅ እትዬ "ኧረ ምን ተቃጠለ ልጄ?" እያሉ በደረጃው ወጡ። አማቴ ምንም አላሉም። የባሰው እሱ ነው። ባለቤቴ ብረት ምጣዷን አውጥታ እንደገና ቆላች።

ሰኞ ኩሽኔታውን ይዤ ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። ከእጄ ተቀብለው ጎኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና "አንብብ" አሉኝ።

"6202።"

"ታዲያ! መጨረሻው 02 ከሆነ ቀዳዳው 15 ሚሊሜትር ነው። 00 ከሆነ 10፣ 01 ከሆነ 12፣ 03 ከሆነ 17። ከ04 ጀምሮ በአምስት ታበዛለህ። ምን ያስለካሃል?"

ተጽፎ ነበር! ቀድሞም እዚያው ጎኑ ላይ ተጽፎ ነበር።

ስሌቴንም አዩልኝ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ እኔና ያ ሻጭ ነጥብ አራቷን በልተናታል። በትክክል ባበዛው ደግሞ 15.09 ይመጣና ዘንጉ ጭራሽ አይገባም ነበር። ካሊፐሬ ኢንቹን ለ128 ከፍሎ ነው የሚያነበው፤ አንዷ መስመር 0.2 ሚሊሜትር ልትሆን ምንም አይቀራት። ለቧንቧና ለጣውላ ይበቃል። ለኩሽኔታ አይሆንም።

አዲስ ዘንግ በ15 አስቆርጬ፣ በዚያው ምናለሽ ተራ ሄጄ የሚሊሜትሩን ገዛሁ። ሻጩ አላስታወሰኝም። እኔም አላስታወስኩትም።

ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤት ሩቢኔት ተበላሸ። ቧንቧ ሠሪው ስልክ ላይ "ቧንቧው ስንት ነው?" አለኝ። ይህችን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ካሊፐሬን አምጥቼ በጥንቃቄ ለካሁና "21.3 ሚሊሜትር" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

"ወንድሜ፣ ግማሽ ኢንች ነው ወይስ ሦስት አራተኛ?"